ጅብ ጽዋ የተረከበ ዕለት

መጀመሪያ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እጅ ጽሑፌ ዶሮ የጫረው መሬት ይመስላል። ሃሌታው ሀና ሐመሩ ሐም እስካሁን ይምታቱብኛል። የተሳሳተ ፊደል ካገኛችሁ በደህናው ተክታችሁ አንብቡልኝ። ተረቱን የጻፍኩት አያቴ አመሻሽ ላይ ደጃፋችን ስንሰበሰብ እንደምትነግረን አድርጌ ነው።

«ተረት ተረት!»

«እንስማት እንስማት!»

«የተኛ አለ?»

«የለም!»

«እንግዲያው ጆሯችሁን ወዲህ።»

በድሮ ዘመን፣ ጅብ አፍ አውጥቶ በሚናገርበት፣ ሰውም ሳይደነቅ በሚመልስለት ዘመን፣ ጉንዶ ሜዳ የሚባል መንደር ነበር። በመንደሩም የቅዱስ ገብርኤል ጽዋ ማኅበር ነበር። ማኅበርተኞቹ በየወሩ በገብርኤል ቀን አንዱ ቤት ይሰበሰባሉ። ይጸልያሉ፣ ዳቦ ይቆርሳሉ፣ ጠላ ይጠጣሉ። ሲጨርሱም ጽዋው ለሚቀጥለው ተረኛ ይሰጣል። ጽዋው ጠላ የሞላበት ትንሽ የሸክላ ዕቃ ነው። በነጭ ጨርቅ ይሸፈናል፣ ዳቦ ይደረብበታል፣ በገመድም ይንጠለጠላል። ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ሴቶቹ እልል ይላሉ። እልል ከተባለ አለቀ፤ ጽዋውን የያዘ ሰው የሚቀጥለው ወር ደጋሽ ነው። ታመምኩ ቢል አይሰማም፣ አጣሁ ቢልም አይሰማም። ሥርዓቱ ነዋ!

በዚያ መንደር እንጉዳይ የምትባል ልጅ ነበረች። ዓይን አፋር ናት፤ ግን ምን ዓይነት ዓይን አፋር! ሰው ሰላም ሲላት ሰላምታውን የምትመልሰው ለግድግዳው ነበር። ማኅበር በሆነ ቀን ከበሩ ኋላ ተቀምጣ ዋንጫ ታጥባለች እንጂ ድምጿን ሰማሁ የሚል የለም። እናትና አባቷ ሞተውባት ያሳደገቻት አክስቷ እትዬ ብርቄ ናት። እትዬ ብርቄም ለራሷም ለእንጉዳይም ሆና የምታወራ ሴት ነበረች። እንጉዳይ ሲርባት «ልጄን ርቧታል» የምትለው እሷ ናት። ሲበርዳት «ልጄን በርዷታል» የምትለው እሷ ናት። እንጉዳይ ስታነጥስ «ይማርሽ» ብላ፣ «ያኑርሽ» ብላ የምትመልሰውም ራሷ እትዬ ብርቄ ነበረች። ጠላ ስትጠምቅ ደግሞ ወደር የላትም።

አንድ ጊዜ በሰኔ ገብርኤል ተረኛው አቶ ድንበሩ ሆነ። አቶ ድንበሩ እጁ የማይፈታ ሰው ነው። ጽዋውን ሊረከብ ደጅ ወጣና ቆመ። ሙሴው ደምሰው ጽዋውን ዘረጋለት። ሙሴ ማለት የማኅበሩ አለቃ ማለት ነው።

አቶ ድንበሩ፦ «ቆይ፣ ጫማዬን ላጥብቅ» አለ።

ሙሴው ጠበቀው። አቶ ድንበሩ ጫማውን አጠበቀና፦ «ቆይ፣ ጋቢዬን ላስተካክል» አለ።

ሙሴው አሁንም ጠበቀው። ከዚያም ክንዱ ዛለና ጽዋውን ካጥሩ ድንጋይ ላይ አሳረፈው። ጊዜው መሸት ብሏል። አንድ ጅብ በአጥሩ ሥር ሲያልፍ ዳቦ ዳቦ ሸተተው። አንገቱን አሾለከና የጽዋውን ገመድ በጥርሱ ይዞ ብድግ አደረገው።

ሴቶቹ ከቤት ውስጥ ሆነው ጽዋው ከፍ ሲል አዩ። የያዘው ማን እንደሆነ አላዩም። ጽዋ ከፍ ሲል እልል ማለት ለምደዋልና፦ «እልልልልል!» አሉ።

ጅቡም ቆመ። ዞሮ አያቸው። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያየው «ኡኡ!» ይላል እንጂ እልል ያለለት አልነበረም። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ጽዋውን አንጠልጥሎ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ቀስ እያለ እንደ ደህና ሰው ሄደ።

ከዚያም ጭቅጭቅ ተነሳ።

አቶ ድንበሩ፦ «እንግዲህ እልል ተብሏል፤ ተረኛው እሱ ነው» አለ። ደስታው ከፊቱ ያስታውቃል።

ሙሴው፦ «ጅብ እኮ ነው፣ ሰውዬ!»

አቶ ድንበሩ፦ «ሥርዓቱ ውስጥ ‹ከጅብ በስተቀር› የሚል አለ?»

ሙሴው አሰበ፣ አሰበ። የለም።

አንድ ሽማግሌ፦ «ክርስትና ሳይነሳ?» አሉ።

አቶ ድንበሩ፦ «አለመነሳቱን በምን አወቁ? እርስዎስ ሲነሱ እኔ አይቻለሁ?»

 ነገሩ በዚያው ጸና።

በማግስቱ ጠዋት ጅቡ ከመንደሩ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ወጣና ተጣራ፦ «የገብርኤል ማኅበርተኞች! ጽዋውን ተረክቤያለሁ። በሐምሌ ገብርኤል እደግሳለሁ። ግን ጠማቂ የለኝም። ተረኛን ጎረቤት ያግዘው የለም ወይ?»

እውነቱን ነው፤ ያግዘዋል። ሰዎቹ ገና ምን እንመልስለት እያሉ ሲመካከሩ ጅቡ ራሱ ወረደ። በሬ ያክላል። ማንም አልተጠጋውም። እትዬ ብርቄን በቀሚሷ ጫፍ ነክሶ እየጎተተ ወሰዳት። እሷም መንገዱን ሙሉ ትሳደባለች፦ «አንተ! አዲስ ቀሚስ እኮ ነው! ቀስ በል! ደግሞ ጌሾና ብቅል ሳልይዝ በምን ልጠምቅልህ ነው? በምራቅህ?»

ጅቡም አፈረና እሷን ዋሻው አስገብቶ፣ በሩን በቋጥኝ ዘግቶ፣ ተመልሶ መጣ። ጌሾውንና ብቅሉን ተሸከመ። ሊሄድ ሲል ዞረና፦ «ሁላችሁም ትመጣላችሁ። ማኅበርተኛ ከቀረ ግን ጠማቂዋን እበላታለሁ» አለ።

ሙሴው፦ «ሁላችንም ከመጣንስ?» ሲል ጠየቀ።

ጅቡም ከንፈሩን ላሰና፦ «እሱን እዚያው እንነጋገራለን» ብሎ ሄደ።

እንጉዳይ ብቻዋን ቀረች። ራባት፤ ርቧታል የሚል የለም። በረዳት፤ በርዷታል የሚል የለም። አንድ ቀን አነጠሰች። ቤቱ ጭጭ አለ። ያን ጊዜ ተቀምጣ አለቀሰች።

ሐምሌ ገብርኤል ደረሰ። ቄሱ ከወንዝ ማዶ ነበሩ፤ ወንዙ ሞልቶ መሻገር አልቻሉም። ማኅበርተኞቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ዋርካ ሥር ተሰበሰቡ። ሙሴው ተነሳና የዕለቱን ታሪክ ነገራቸው። ሕፃኑ ቂርቆስና እናቱ ኢየሉጣ እምነታችንን አንክድም ብለው ወደ ፈላው ጋን እንደተጣሉ፣ ቅዱስ ገብርኤልም ወርዶ እሳቱን እንዳበረደላቸው ተናገረ። እየተናገረ አለቀሰ። የሰሙትም አለቀሱ። «ምን ያለ እምነት ነው!» ተባባሉ። አፍንጫቸውን ጠራረጉ።

ከዚያም መሄጃው ደረሰ። ፀሐይዋ እየወጣች ነው፤ ጅቡ ይጠብቃል።

ሙሴው፦ «እኔ እንኳ በሄድኩ ነበር። ግን ሙሴ ከሌለ ማኅበሩን ማን ይመራል?» አለ።

ሽማግሌው፦ «እኔ ጉልበቴ ነው። ልቤስ ከሄደ ቆየ» አሉ።

አቶ ድንበሩ፦ «ኧረ እኔ ተራዬም አይደለም!» አለ።

አንዱ፦ «በሉ እንጸልይላት» አለ። ይኼ ሁሉንም ደስ አሰኘ። ዓይናቸውን ጨፈኑና መጸለይ ጀመሩ። እንጉዳይ ከዋርካው ኋላ ሆና ጸሎቱ እስኪያልቅ ጠበቀች። አላለቀም። ቀድሞ ዓይኑን የገለጠ ሰው «ማን ይሂድ?» የሚለው ነገር ይደርስበታልና፣ ሁሉም ከድኖ ይዞታል። አንዱ በአንድ ዓይኑ አጮልቆ ሙሴውን ያይና ቶሎ ይከድናል።

እንጉዳይ ነጠላዋን አጣፋች።

ሙሴው ኮቴ ሰምቶ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ፦ «ማነው የሚሄደው?» አለ።

«እኔ ነኝ» አለች። በጣም በቀስታ ስለተናገረች የሰማችው ራሷ ብቻ ነበረች።

መንገዱ ጭቃ ነው።  ጥቂት ሄደችና ፈራች፤ ተመለሰች። ተመልሳ ዋርካውን ስታይ እትዬ ብርቄ ትዝ አለቻት፤ ዞራ ሄደች። ደግሞ ፈራችና ተመለሰች። ደግሞ ሄደች። ግራር ላይ የተቀመጠች ጦጣ ይኼን ስታይ ቆይታ፦ «ኧረ በእናትሽ ወይ ሂጂ ወይ ቅሪ! ወዲያና ወዲህ ሳይሽ አንገቴ ተቆለመመ!» አለቻት። እንጉዳይም አፈረች። ከማፈሯ የተነሳ ሮጣ ዋሻው ደረሰች።

ጅቡ በር ላይ ቆሟል። ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ ነጭ ጋቢ ለብሷል። ዋሻውን ጠርጓል። ለመቀመጫ ድንጋይ ደርድሮ ጎዝጉዞበታል። ጽዋውን ጉያው ውስጥ ይዞታል። ከኋላው ጋን አለ። ከጋኑ ኋላ ደግሞ እትዬ ብርቄ በገመድ ታስራ ተቀምጣለች፤ ማማሰያዋን ግን አልለቀቀችም።

ጅቡ፦ «ግቢ፣ ግቢ! ቤት ለእንግዳ!» አለ። ከኋላዋ አየና፦ «ሌሎቹስ?»

እንጉዳይ ለግድግዳው፦ «እየጸለዩ ነው» አለች።

«አልሰማሁም።»

እትዬ ብርቄ፦ «እየጸለዩ ነው አለችህ! አንቺ ደግሞ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ፤ አያ ጅቦ ጆሮው ይከብደዋል!»

ጅቡ የደረደራቸውን ድንጋዮች አየና አዘነ። «እኔኮ ለብዙ ሰው ነበር ያሰናዳሁት» አለ። «እንግዲህ ምን ይደረግ። ማኅበርተኛ ቀርቷል። ጠማቂዋን እበላታለሁ።» ብሎም ወደ ጋኑ ሄደ።

እንጉዳይ መሐል ገባች። እንዴት እንደገባች አላወቀችም። ጅቡ ፊት ቆማ ነበር፤ ትንፋሹ ነጠላዋን ያርገበግበዋል።

«እሷን ልቀቅና እኔን ብላ» አለች።

«ምን?»

«እኔን ብላ!»

ይኼንን አያ ጅቦም ሰማው። እትዬ ብርቄ ግን ማማሰያዋን መሬት ላይ ደበደበች፦ «ዝም በይ! ዕድሜሽን ሙሉ ዝም ብለሽ፣ ያን ሁሉ ቃል ስትቆጥቢ የኖርሽው ለዚህ ነው? አንተ ጅብ፣ እንዳትሰማት! ልጅ ናት፣ አጥንት ብቻ ናት! እኔን እየኝ፣ እኔ ሥጋ አለኝ!»

ጅቡ አንዴ አንዷን፣ አንዴ ሌላዋን አየ። በዕድሜው እንዲህ ያለ መስተንግዶ ገጥሞት አያውቅም። ወዲያው ግን ሆዱ ጮኸ። አፉን ከፈተ።

እትዬ ብርቄ፦ «ጸሎት ሳይደረግ?!» ብላ ጮኸች።

ጅቡም አፉን ገጠመ። በጣም አፈረ። «ይቅርታ፤ ረሳሁት። ማን ይጸልያል?»

«የመጣችው እሷ ብቻ ናት። እሷ ትጸልያለቻ! አንተም ደጋሽ ነህ፤ አሜን እስኪባል ትቆማለህ።»

ጅቡ በኋላ እግሮቹ ቆመ። በአንድ እጁ ጽዋውን አቀፈ። እንጉዳይም ዓይኗን ጨፈነችና ጀመረች፦ «አባታችን ሆይ፣ በሰማያት የምትኖር…»

ጠፋት።

የምትቀጥለው ቃል ጠፋት! ከሕፃንነቷ ጀምሮ የምታውቀው ጸሎት፣ ማታም ጠዋትም የምትለው ጸሎት፣ በፍርሃት ከራሷ ውስጥ ተጠርጎ ወጣ። የጅቡ ሆድ ይሰማታል።  እንደገና ጀመረች፦ «አባታችን ሆይ፣ በሰማያት የምትኖር…» እዚያው ላይ ቆመች። ደግማ ጀመረች። ልክ እዚያው ላይ።

እትዬ ብርቄ ልጇ የጎደላትን ማቀበል ለምዳለችና፦ «ስም…» ብላ ጀመረች። ከዚያ ጅቡን አየችው። ቆሟል። አሜን እስኪባል ይጠብቃል። አሜን እስካልተባለ ድረስ ደግሞ አፉ አይከፈትም። እትዬ ብርቄም ነጠላዋን ጠቅልላ አፏ ውስጥ ወተፈች። ከተወለደች ጀምሮ ነገር ከአፏ የመለሰችው ያን ቀን ብቻ ነው።

እንጉዳይ ትጀምራለች፤ ይጠፋታል። ትጀምራለች፤ ይጠፋታል። የበር ላይ ብርሃን ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ሄደ።

ጅቡ፦ «ረጅም ነው አይደል?» ሲል በሹክሹክታ ጠየቀ።

እትዬ ብርቄ ራሷን ነቀነቀች።

ጅብ ደግሞ ቀን የሚተኛ እንስሳ ነው። ዓይኑ ከበደው።  አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ዘመመ። በመጨረሻ እንደ እህል ጆንያ ዱብ አለና ማንኮራፋት ጀመረ። ጽዋው በጉያው ነው።

እንጉዳይ ዓይኗን ገለጠች። አክስቷን ፈታች። በጣታቸው እየረገጡ ከዋሻው ወጡ። ደጅ ሲደርሱ እትዬ ብርቄ ነጠላውን ከአፏ አወጣችና፦ «ሩጪ!» አለች።

እንጉዳይ ግን ቆመች።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ጽዋው» አለች እንጉዳይ። «ጽዋው እሱ ዘንድ ከቀረ በሚቀጥለውም ወር ደጋሽ እሱ ነው። ሌላ ጠማቂ ይወስዳል።»

«ይውሰዳ! የአቶ ድንበሩን ሚስት ይውሰድ!»

«እሷም ሰው ናት፣ እትዬ።»

ብላ ተመለሰች። ጎንበስ አለችና ጽዋውን ከጅቡ ጉያ ቀስ አድርጋ ሳበችው። መጣላት። ግን እልል ካልተባለ ጽዋ አልተረከቡም። ወደ አክስቷ ዞረች። እትዬ ብርቄ ከደጅ ሆና አፏን በሁለት እጇ ይዛለች፤ ራሷን ታወዛውዛለች፤ «እንዳታደርጊው! ይነቃል!» ማለቷ ነው። ሌላ ሴት የለችም። እንጉዳይ ጽዋውን ከፍ አደረገች። አፏን ከፈተች።

«እልልልልልልልልል!»

ያን ሁሉ ዘመን ለግድግዳ ስትሰጠው የኖረችው ድምፅ በአንድ ጊዜ ወጣ። የሌሊት ወፎች ከጣራው ወረዱ። ግራሩ ላይ ያለችው ጦጣ ወደቀች። ከዋርካው ሥር የሚጸልዩት ሰዎችም ሰሙት። «መልአኩ መጣ!» አሉና ዓይናቸውን የባሰ ጨፈኑ።

ጅቡ ዘሎ ተነሳ። አፉ ተከፈተ፤ ጥርሶቹ ከእንጉዳይ ራስ በላይ ነበሩ፤ ምራቁ ግንባሯ ላይ ጠብ አለ። እሷ አልሮጠችም። መሮጥም አልቻለችም።

«እልል ተብሏል» አለችው። «ጽዋው የእኔ ነው። ደጋሿ እኔ ነኝ፤ አንተ እንግዳ ነህ።»

ጅቡ አፉን እንደከፈተ አሰበ። ሥርዓቱን ከዳር እስከ ዳር አሰበው። ከዚያም ገጠመ።

«እንግዳ ደጋሹን አይበላም» አለ። አንገቱን ደፋ። «ሰው እልል ያለልኝ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር።»

እንጉዳይ አየችው። እሷ ከበር ኋላ የምትቀመጥ ልጅ ናት፤ ከአጥር ውጭ መሆን እንዴት እንደሆነ ይገባታል። «ሰው የማትነካ ከሆነ በሚቀጥለው ገብርኤል ቤታችን ና» አለችው።

«ከበር ይመልሱኛል።»

«በሩ ጋ የምቀመጠው እኔ ነኝ።»

«ምን ይቀርባል?»

«ንፍሮ።»

«አጥንት ያለበት ንፍሮ?»

«የባቄላ።»

ጅቡ በረጅሙ ተነፈሰ። «ይሁን» አለ።

ወሩም አለፈ፤ ነሐሴ ገብርኤል መጣ። ድግሱ እነእንጉዳይ ቤት ሆነ። ጅቡ ጋቢውን አጣፍቶ መጣና ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ፤ ባቄላውን እያገላበጠ አጥንት ይፈልጋል። ማኅበርተኞቹ ከወዲያ ጥግ ተደራርበው ተቀምጠዋል። አቶ ድንበሩ ቆጥ ላይ ወጥቶ፣ ድርሻዬን በዘንቢል አቀብሉኝ እያለ ነው። እትዬ ብርቄም ታሪኩን ስትነግር ወር ሙሉ አልደከማትም፦ «ልጄኮ ሆን ብላ ነው! ጸሎቱን እያስረዘመች፣ እየጎተተች፣ እንዲህ አድርጋ አስተኛችው! የጸሎት ሊቅ ናት እኮ!» መንደሩ ሁሉ አመነ። እንጉዳይም ዝም ብላ ኖረች።

ሙሴው ደምሰው ግን ያን ቀን ተነሳና ጎንበስ አለላት። «ልጄ» አለ፣ «እኛ ዓይናችንን ጨፍነን ቀረን። ልንደብቀው አንችልም። ያን ቀን የጸለይሽውን ጸሎት አስተምሪን። ምን ብለሽ ነው የለመንሽው?»

 ጅቡም ማኘኩን አቆመ። እትዬ ብርቄ ልትመልስላት አፏን ከፈተች፤ እንጉዳይ እጇን ያዘቻትና ራሷ ተነሳች። ከግድግዳው ዞር ብላ ሰዎቹን አየቻቸው።

«ለማንም አልነገርኩም እንጂ ሆን ብዬ አልነበረም» አለች። «እየሄድኩም እመለስ ነበር፤ ጦጣዋ ታውቃለች። ዋሻው ውስጥ ደግሞ ጸሎቱ ከፍርሃት የተነሳ ጠፋኝ። ምን ብዬ እንደምለምን አላውቅም ነበር። የማውቀው ማንን እንደምጠራ ብቻ ነው።»

ተረቴን ከዚህ ላይ አሳረፍኳት፤ ጉሮሮዬም ደረቀ። ንፍሮ ያለው ንፍሮ፣ ዳቦ ያለው ዳቦ ያቅምሰኝ፤ አለዚያ ነገ ማታ ብትለምኑኝም አፌን አልከፍትም!